ጸሎት፣ ፈረቃና አለቃ፦ በሥራ ቦታ የሃይማኖት ጥያቄ ሲነሳ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

አዲስ የፈረቃ ፕሮግራም ተለጠፈ። ስማችሁን ፈልጋችሁ አገኛችሁት። የተመደባችሁት በአምልኮ ቀናችሁ ነው። አሁን ምን ይደረጋል?

አንዱ ዝም ብሎ ገብቶ ይሠራል፤ ውስጡ ግን ይበግናል። ሌላው ጓደኛውን "እባክህ ዛሬን ብቻ ተካልኝ" ይላል። ሦስተኛው የአለቃውን በር በርግዶ "መብቴ ነው!" ይላል። አራተኛው በዚያው ሳምንት መልቀቂያ ያስገባል። አራቱም መንገዶች ናቸው፤ አራቱም ያስከፍላሉ። ችግሩ ብዙዎቻችን መንገዱን የምንመርጠው እንደ ጉዳዩ ሳይሆን እንደ ጠባያችን መሆኑ ነው። ዝምተኛው ሁሌም ዝም ይላል፤ ቁጡው ሁሌም ይቆጣል።

እዚህ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። እኔ የማደላበትን ግን ከወዲሁ ልናገር። ጥያቄውን ትንሽና የተወሰነ አድርጎ፣ ነገሩ ሳይካረር፣ በጽሑፍ ያቀረበ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ካልተሳካለትም በኋላ ለሚመጣው ክርክር ስንቁን ይዟል። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማመን ሌላ፣ መግለጽ ሌላ

የ1948ቱ ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18 የእምነት ነፃነትን ያውቃል፤ ሃይማኖት መለወጥንም ይጨምራል። የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ አንድ መስመር አሰመረ። በልብ ያለው እምነት አይነካም። በልብስ፣ በጸሎት፣ በበዓል፣ በስብከት የሚገለጸው ግን ሊገደብ ይችላል። ገደቡም በሕግ መደንገግ አለበት፤ ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለጸጥታ፣ ለጤና፣ ለሞራል ወይም ለሌሎች መብት አስፈላጊ መሆንም አለበት። በሥራ ቦታ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። "ለምን ታምናለህ?" የሚል አለቃ ብርቅ ነው። "ለምን እዚህ? ለምን አሁን?" የሚለው ግን ሞልቷል።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 ያወጣው 111ኛ ስምምነት በቅጥርና በሥራ ላይ በሃይማኖት ማዳላትን ይከለክላል። አንድ በር ግን ክፍት ትቷል፦ ሥራው በጠባዩ የግድ የሚጠይቀው ነገር እንደ አድልዎ አይቆጠርም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ ስለ ንግድና ቢሮ ሠራተኞች ሳምንታዊ ዕረፍት የወጣው 106ኛው ስምምነት ደግሞ የአናሳ ሃይማኖቶች ወግና ልማድ በተቻለ መጠን ይከበር ይላል። "በተቻለ መጠን" የምትለውን ሐረግ ያዙልኝ። ጠበቆች እንጀራ የሚበሉት በእሷ ነው።

ያላችሁበት አገር ጥያቄውን ይቀይረዋል

በካናዳ አንዲት የመደብር ሻጭ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ሆነች። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ መሥራት አልቻለችም። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በ1985 ፍርድ ቤቱ አሠሪው ከአቅም በላይ ችግር ካልገጠመው በቀር ሁኔታውን ማመቻቸት አለበት አለ። ድርጅቱ ክፋት አስቦ የሥራ ደንቡን ባያወጣም ግዴታው አለበት።

በአሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያላቸውን አሠሪዎች ይመለከታል። ማመቻቸት የሚለው ግዴታም አለ። ነገር ግን በ1977 በተሰጠ ውሳኔ መለኪያው በጣም ወረደ። ከኢምንት ያለፈ ወጪ ካስከተለ አሠሪው እምቢ ማለት ይችላል ተባለ። ይህ መለኪያ 46 ዓመት ቆየ። በ2023 ተቀየረ፤ ታሪኩን ከታች አመጣዋለሁ።

አውሮፓ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2000 መመሪያ ማመቻቸትን በግልጽ የሚያስገድደው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ነው። ሃይማኖት የሚጠበቀው በአድልዎ ክልከላ በኩል ነው። ለሁሉም እኩል የሚመስል ደንብ አንዱን የእምነት ቡድን ለይቶ ከጎዳ አሠሪው በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት።

ልዩነቱ የጠበቃ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደብዳቤያችሁን ይቀይረዋል። በካናዳና በአሜሪካ ጥያቄው "ለእኔ ብታስተካክሉልኝ ምን ያስወጣችኋል?" ነው። በአውሮፓ ደግሞ "ይህ ደንብ ለምን አስፈለጋችሁ?" ነው። የመጀመሪያው ስለ ወጪ ያወራል፣ ሁለተኛው ስለ ምክንያት። የምትኖሩት ሌላ አገር ከሆነ የሥራ ሕጋችሁን ስትከፍቱ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጠይቅ ፈልጉ።

ጊዜ፦ ቀላሉ መንገድ ወጥመድ የሆነበት

አብዛኛው ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ነው። የሳምንት የአምልኮ ቀን፣ በዓል፣ የቀን ጸሎት።

ቀላል የሚመስለው ከባልደረባ ጋር ፈረቃ መቀያየር ነው። ወረቀት የለ፣ ማስፈቀድ የለ፣ ዛሬውኑ ያልቃል። ነገሩ በዓመት ሁለት ሦስት በዓል ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ወጥመድ ነው። ሸክሙ ከድርጅቱ ትከሻ ወርዶ ጓደኞቻችሁ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ሰሞን "ኧረ ምን ችግር አለው" ይባላል። ትንሽ ቆይቶ ውለታ ይሆናል። ከዚያ "ሁሌ እኛ ብቻ!" የሚለው ይመጣል። የሚተካችሁ ሰው የታመመ ዕለት ደግሞ ከሥራ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ማስጠንቀቂያውም በእናንተ ስም ይጻፋል።

ሁለተኛው የዓመት ፈቃድን መጠቀም ነው። ሰላማዊ ነው፤ አለቃም ይወደዋል። ሒሳቡን ግን ሥሩት። ዓመቱ 52 ሳምንት አለው። ሳምንታዊ የአምልኮ ቀንን በዓመት ፈቃድ እሸፍናለሁ ያለ ሰው ዓመቱ ሳያልቅ ፈቃዱ ያልቅበታል፤ ሲታመም ወይም ቤተሰብ ሲጠራው ምንም አይተርፈውም። ለጥቂት በዓላት ግን ይሠራል። ያለ ደመወዝ ፈቃድም አለ። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 በአንድ መምህር ጉዳይ ሁለት ነገር አስቀምጧል። አንደኛ፣ አሠሪው ምክንያታዊ አማራጭ ካቀረበ ሠራተኛው የሚመርጠውን እንዲሰጥ አይገደድም። ያለ ደመወዝ ፈቃድም በደምሳሳው ምክንያታዊ ነው። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ለሌላው ጉዳይ ሁሉ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እየሰጠ ለሃይማኖት ብቻ ከከለከለ ግን ምክንያታዊነቱ ይቀራል። ስለዚህ እምቢ ስትባሉ መጀመሪያ የምታዩት የፈቃድ ደንቡን ነው። ለሠርግ ይሰጣል? ለፈተናስ? ለቤት መቀየርስ?

ሦስተኛው የሥራ ሰዓትን መቀነስ ነው። በእንግሊዝ አንድ ሙስሊም መምህር ለዓርብ ጸሎት 45 ደቂቃ ያህል ጠየቀ። የቀረበለት በሳምንት አራት ቀን ተኩል እንዲሠራ፣ ደመወዙም በዚያው ልክ እንዲቀንስ ነበር። ሥራውን ለቀቀ፤ ለአውሮፓ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ቢያመለክትም በ1981 ተረታ። ሲቀጠር ጉዳዩን አለማንሳቱ አልጠቀመውም። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ሰላም ያገኛል፤ የደመወዝ ቅነሳው ግን በየወሩ ይከተለዋል። የጡረታ መዋጮውም እንዲሁ። እኔ ብሆን ሌላው ሁሉ ሳይሞከር አልነካውም።

አራተኛው ዝውውር ነው። እዚህ ላይ ጀራልድ ግሮፍን ማንሳት አለብኝ፤ ያልሞከረው መንገድ የለምና። ግሮፍ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የፖስታ ሠራተኛ ነበር። ሥራ የጀመረው በ2012 ነው። እሁድ ለእሱ የአምልኮና የዕረፍት ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ በእሁድ ሥራ አልነበረም። በ2013 ፖስታ ቤቱ ከአማዞን ጋር ተዋዋለና የእሁድ ጥቅል ማድረስ መጣ። ግሮፍ እሁድ ወደማይሠራበት፣ ሰባት ሠራተኛ ብቻ ወዳለበት ትንሽ ጣቢያ ተዛወረ። ተገላገልኩ ሲል በ2017 የአማዞን እሁድ እዚያም ደረሰ። ሌሎች እንዲሸፍኑለት ተደረገ፤ ጣቢያው ትንሽ ነውና ሸክሙ ጎልቶ ታየ። በእሁድ በቀረ ቁጥር ቅጣት ተከማቸበት። በጥር 2019 ለቀቀ፤ ከዚያ ከሰሰ።

ሰኔ 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ የድሮውን መለኪያ ትርጉም አስተካከሉት። አሁን አሠሪው እምቢ ለማለት ማመቻቸቱ ከንግዱ አንጻር ከፍ ያለ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትል ማሳየት አለበት። ባልደረቦች በሃይማኖቱ ወይም በማመቻቸቱ ሐሳብ ቅር መሰኘታቸው ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ለግሮፍ ግን በዚያ ቀን የተፈረደለት ነገር አልነበረም። ጉዳዩ በአዲሱ መለኪያ እንዲታይ ወደ ታች ተመለሰ። ሥራውን ከለቀቀ አራት ዓመት አልፎታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ለንጽጽራችን እወስዳለሁ። ዝውውር የሚያዋጣው ግጭቱ ከቦታው ጋር የተያያዘ ሲሆን ነው፤ ከሥራው ጠባይ ጋር ከሆነ ተከትሏችሁ ይመጣል። ከመዛወራችሁ በፊት "የአዲሱ ቦታ ፕሮግራም ቢቀየርስ?" የሚለውን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ሌላው፣ ፈረቃ መቀያየርን ድርጅቱ ራሱ ሲያስተባብረው ነገሩ መልኩን ይቀይራል። በማስታወቂያ ሰሌዳ ፈቃደኛ ሲጠራ፣ ለሚተካው ሰው ሌላ የሚመቸው ቀን ሲሰጥ፣ ስሙ በፕሮግራሙ ላይ ሲሰፍር፣ እናንተ ለማኝ መሆናችሁ ይቀራል። በኮሪደር በሹክሹክታ የምትለምኑት ፈረቃና በፕሮግራም የተጻፈ ፈረቃ ሰማይና ምድር ናቸው።

የቀን ጸሎት ከሁሉም ይቀላል። አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የዕረፍት ሰዓትን ከፋፍሎ መውሰድ ወይም ቀደም ብሎ መግባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። የሚያስቸግረው አንድ ሰው ሲወጣ ሁሉም የሚቆምበት የምርት መስመር ላይ ነው። እዚያ ሽንት ቤት ለሚሄድ ሰው ማን ይተካል? ያው ሰው ለጸሎትም ይተካል። ጥያቄውን እንዲህ ስታቀርቡት አለቃው የሚያውቀው ችግር ይሆናል።

ልብስና ምልክት፦ ምክንያቱን ጠይቁ

ሒጃብ፣ ጥምጥም፣ መስቀል፣ ጢም። እዚህ አሠሪው የሚሰጠው ምክንያት ሁሉንም ይወስናል። ሁለት የመስቀል ሐብሎች ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያሉ።

በጥር 2013 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በአንድ ውሳኔ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶችን አስተናገደ። አንዷ የብሪቲሽ ኤርዌይስ የመንገደኞች መዝጋቢ ነበረች፤ ሌላዋ ነርስ። ሁለቱም በአንገታቸው መስቀል ሊያደርጉ ፈለጉ። አየር መንገዱ "ገጽታችን" አለ። ሆስፒታሉ "ደኅንነት" አለ፤ በሽተኛ ሊጎትተው ይችላል፣ ቁስል ሊነካ ይችላል። የአየር መንገዷ ሠራተኛ ረታች። ድርጅቱ ጥምጥምና ሒጃብ ቀድሞ ፈቅዶ ነበር፤ ደንቡንም በኋላ ራሱ ለወጠው። እንግዲህ ገጽታው ያን ያህል አልተጎዳም ማለት ነው። ነርሷ ግን ተረታች። መስቀሉን በልብሷ ላይ እንደ ብሮሽ እንድታያይዘው ወይም ከልብሷ ሥር እንድታደርገው የቀረበላትን አልተቀበለችም ነበር።

ስለዚህ ምክንያቱ ደኅንነት ከሆነ "መብቴ ነው" ብሎ መግጠም አያዋጣም። አማራጭ ዕቃ ይዞ መቅረብ ያዋጣል። በመርፌ ቁልፍ ፈንታ በቬልክሮ የሚዘጋና ሲጎተት የሚላቀቅ ሒጃብ አለ። ጢም ያለው ሰው ፊት ላይ የሚጣበቅ የመተንፈሻ ጭንብል አይገጥምለትም፤ አየር ያስገባል። ነገር ግን በሞተር አየር የሚነፋ፣ ራስን ሙሉ የሚሸፍን ዓይነት አለ፤ ፊት ላይ መጣበቅ አያስፈልገውም። አንዳንዴ ሕግ አውጪው ራሱ ይገባበታል። እንግሊዝ በ1989 ጥምጥም ያደረጉ ሲኮችን (ከሕንድ የመነጨው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮችን) በግንባታ ቦታ የራስ ቁር ከማድረግ ግዴታ ነፃ አወጣች፤ በ2015 ወደ አብዛኛው የሥራ ቦታ ሰፋ። በካናዳ ግን አንድ የባቡር ድርጅት የሲክ ሠራተኛ በዚያው የራስ ቁር ጉዳይ በ1985 ተረቷል። ያው ጥምጥም፣ ያው ቁር።

ምክንያቱ "ደንበኛ አይወደውም" ከሆነ ጉልበት አላችሁ። በፈረንሳይ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ደንበኛ በሒጃቧ ቅር ስላለው ከሥራ ተሰናበተች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 የደንበኛ ፍላጎት የሥራው እውነተኛ መስፈርት አይሆንም አለ። በአሜሪካም በ2015 ሒጃብ ለብሳ ለልብስ መደብር ሥራ የተወዳደረች ወጣት ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቧል። መደብሩ "ለሃይማኖቷ እንደሆነ አልነገረችንም" ቢልም አላዳነውም። ላለመቅጠር ያነሳሳው ማመቻቸትን መሸሽ ከሆነ፣ በእርግጠኝነት ማወቁ አያስፈልግም ተባለ።

በጣም የሚያወዛግበው "ገለልተኛ እንሁን" የሚለው ነው። በዚያው በ2017 ቀን ያው ፍርድ ቤት ማናቸውንም የሃይማኖት፣ የፖለቲካና የፍልስፍና ምልክት ለሁሉም እኩል የሚከለክል የግል ድርጅት ደንብ ቀጥተኛ አድልዎ አይደለም ብሏል። በ2021 ጠበቅ አደረገው። አሠሪው እውነተኛ ፍላጎት እንዳለው ማሳየት አለበት፤ ትልልቅና ጎልተው የሚታዩ ምልክቶችን ብቻ መከልከልም ቀጥተኛ አድልዎ ሊሆን ይችላል። በ2023 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሕዝብ ጋር የማይገናኙ ሠራተኞችን ሳይቀር ሊከለክል እንደሚችል ፈቀደ። ለአውሮፓ አንባቢ የምለው ይህ ነው፦ ደንቡ በጽሑፍ አለ? በሁሉም ላይ ይሠራል? የአለቃው ጠረጴዛ ላይ ምን ተቀምጧል? ለአንዱ የተፈቀደ ምልክት ካገኛችሁ "ገለልተኛነቱ" ፈረሰ።

አንድ ቅሬታ ልጨምር። ብዙ ጊዜ እንደ ማስታረቂያ የሚቀርበው ሠራተኛዋን ደንበኛ ወደማያይበት ጓዳ ማዛወር ነው። ለአሠሪው ይቀላል። እኔ ግን አልወደውም። የሽያጭ ኮሚሽን፣ ዕድገት፣ መታወቅ ያለው ከፊት ነው። ይህን ከተቀበላችሁ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የዕድገት መሰላሉንም ጠይቁ።

ንግግር፦ ማን ለማን?

ስለ እምነት ማውራት በራሱ ጥፋት አይደለም። ባልደረቦች ስለ ኳስና ስለ ፖለቲካ የሚያወሩበት ቢሮ ሃይማኖትን ብቻ ለይቶ ቢከለክል ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ገደቡ የሚጀምረው ሰሚው "ይብቃኝ" ካለ በኋላ መቀጠል ሲመጣ ነው።

ሥልጣን ሲገባበት ደግሞ ይከብዳል። በግሪክ የአየር ኃይል መኮንኖች ሃይማኖታቸውን ለበታች ወታደሮችና ለሲቪሎች ሰብከው ተቀጡ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1998 ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው። ለበታቾቻቸው በመስበካቸው መቀጣታቸው ስህተት የለበትም፤ ሲቪሎችን በተመለከተ ግን መብታቸው ተጥሷል። ወታደሩ አለቃውን "ተወኝ" ማለት ይፈራል፤ ሲቪሉ በሩን ዘግቶ መሄድ ይችላል። አለቃ ከሆናችሁ ይህን አትርሱ። የዓመት ግምገማ የምትሞሉለትን ሰው ለጸሎት ስትጋብዙት እሱ የሚሰማው ግብዣ ላይሆን ይችላል።

ሥራው ራሱ ከእምነት ሲጋጭ

ይህ በጣም ጠባቡ በር ነው። የሁለቱን መስቀሎች ጉዳይ ባየው በዚያው በ2013 ውሳኔ የተመሳሳይ ፆታ ጥምረት አልመዘግብም ያለች የእንግሊዝ የማዘጋጃ ቤት መዝጋቢ ተረትታለች። አገልግሎት የሚከለከል ሦስተኛ ሰው ሲኖር ፍርድ ቤት ይጨክናል። የተሻለው አማራጭ ያ ተግባር የሌለበት መደብ መጠየቅ ነው። ከዚያም የተሻለው፣ ቅጥሩን ከመፈረም በፊት የሥራ ዝርዝሩን ማንበብ።

ለማን ይቅረብ?

የቅርብ አለቃን በቃል ማናገር ፈጣን ነው፤ ግንኙነትንም አያሻክርም። ነገር ግን አለቃው ይቀየራል። "እንዲህ አላልኩም"ም ይመጣል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ወላጆቻችን የሰው ኃይል ክፍልን ሳያዩ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሩ። ጠዋት አናግሩ፣ ከሰዓት "ዛሬ እንደተነጋገርነው" ብላችሁ ኢሜይል ላኩ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

"በእምነቴ ምክንያት ከዓርብ ፀሐይ መጥለቅ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መጥለቅ አልሠራም። በአዲሱ ፕሮግራም በወር ሁለት ቅዳሜ ተመድቤአለሁ። በምትኩ እሁድን ወይም የሌሊት ፈረቃን ለመሸፈን ዝግጁ ነኝ። ለሦስት ወር ተሞክሮ እንዲታይ እጠይቃለሁ። መልሱን በጽሑፍ ብትሰጡኝ አመሰግናለሁ።"

የሌለበትን አስተውሉ። የሕግ አንቀጽ የለም። ዛቻ የለም። የሃይማኖት ትምህርትም የለም። "ለሦስት ወር" የምትለው ቃል አለቃውን ታረጋጋዋለች፤ ለዘላለም አልፈረመም። ሦስት ወር ያለ ኮሽታ ካለፈ ደግሞ "ከባድ ወጪ ነው" ማለት ይከብደዋል። "በምትኩ" የምትለዋ ደግሞ ለባልደረቦች ናት።

ሠራተኛ ማኅበር ካለ ቀድማችሁ ንገሩት፤ በተለይ ፈረቃ በኅብረት ስምምነት የሚደለደል ከሆነ። ማኅበሩ ራሱ እንቅፋት ሊሆን ይችላል። በካናዳ በ1992 የተወሰነው የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ጉዳይ እንዲህ ነበር። አሠሪው ሊያመቻች ሲል ማኅበሩ ከለከለ። ፍርድ ቤቱ ማኅበሩም የማመቻቸት ግዴታ አለበት አለ። በዚያው ውሳኔ ሠራተኛውም መተባበር እንዳለበት፣ ፍጹም የሆነ መፍትሔ ካልሆነ አልቀበልም ማለት እንደማይችል ተቀምጧል።

የውጭ አቤቱታና ፍርድ ቤት የመጨረሻው መንገድ ነው። ዓመታት ይወስዳል፤ ግሮፍን አይታችኋል። የአየር መንገዷ ሠራተኛም በ2006 የጀመረው ጉዳይ በ2013 ነው ያለቀላት፤ የተፈረደላት የሞራል ካሳም 2,000 ዩሮ ነበር። ነገር ግን የመጨረሻ መንገድ ነው ማለት በመጨረሻ ይታሰባል ማለት አይደለም። የጊዜ ገደብ አለው። በአሜሪካ አቤቱታው በ180 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በብዙ ግዛቶች 300 ቀን ነው። የውስጥ ቅሬታችሁ እየታየ መሆኑ ሰዓቱን አያቆመውም። ሰው ኃይል ክፍል "እያየነው ነው" እያለ ስምንት ወር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እምቢ በተባላችሁ ዕለት ያላችሁበት አገር ገደብ ስንት ቀን እንደሆነ አጣሩና ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ክበቡት።

መልቀቅስ?

በአንድ ወቅት ሕጉ ራሱ ይህን መንገድ ያሳይ ነበር። አንድ የፊንላንድ የባቡር ሠራተኛ አድቬንቲስት ነበር፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሥራ ወጣ እያለ ተባረረ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በ1996 መልቀቅ ይችል ነበርና ነፃነቱ አልተነካም አለ። የ2013ቱ ውሳኔ ይህን አመለካከት ተወው። ሥራ መቀየር መቻሉ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ነው እንጂ ነገሩን በራሱ አይዘጋም ተባለ።

ቢሆንም አንዳንዴ መልቀቅ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ጤናችሁ ከተነካ፣ ሌላ ሥራ ከተገኘ፣ ወይም ክርክሩን አሸንፋችሁም እዚያ መቆየት ካልፈለጋችሁ። ግን በንዴት አይሁን። መልቀቂያውን ከመጻፋችሁ በፊት የላካችኋቸውን ኢሜይሎች፣ የተለጠፉትን ፕሮግራሞች፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹን ቅጂ ያዙ። ከሄዳችሁ በኋላ የድርጅቱ ኢሜይል ይዘጋል። በደብዳቤውም ላይ ለይሉኝታ ብላችሁ "በግል ጉዳይ ምክንያት" አትበሉ። የጠየቃችሁበትን ቀን፣ የተሰጣችሁን መልስና የምትለቁበትን እውነተኛ ምክንያት በሦስት መስመር ጻፉ፤ ቅጂው ላይም "ደርሶኛል" አስፈርሙበት።